ሁለት አያቶች በአንድ የአሜሪካ ምግብ ቤት

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባለው የሜሪላንድ ከተማ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ ከድንበሩ ጋር ተጣብቃ የምትገኝ ናት። ስሟ በእኛ ቋንቋ «የብር ምንጭ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ ከልጁ ጋር በፈረስ ሲዘዋወር ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ አገኘ ይባላል። በውሃው ውስጥ ማይካ የተባለ ማዕድን እንደ ብር ያብለጨልጭ ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። ዛሬ ምንጩ የነበረበት ቦታ ትንሽ መናፈሻ ነው።

የእኛ ሰዎች ግን ከተማዋን የሚያውቋት በምንጩ አይደለም። በጆርጂያ አቬኑ ወይም በፌንተን መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው የአማርኛ ጽሑፍ የተለጠፈበት ሱቅ ያያል፣ የበርበሬ ሽታ ያውደዋል፣ እንጀራ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሮጥ ወጣት ያጋጥመዋል። ልጅ አሜሪካ ያላት የአዲስ አበባ እናት ሁሉ ሲልቨር ስፕሪንግን ሳታያት በስም ታውቃታለች። እኔም ለብዙ ዓመታት በስልክ ብቻ ስሰማት ኖሬ፣ ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚያ ያለችውን ልጄን ለመጠየቅ ሄድኩ። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋ ነው። ሙቀቱ የድሬዳዋን ያስታውሳል።

በዚያው ሰሞን የአማቼ እናትም ከደብረ ማርቆስ መጥተው ነበር። ሁለት አያቶች በአንድ ቤት፣ አንድ የስምንት ዓመት የልጅ ልጅ በመካከላችን ሆነን ሰነበትን። ልጁ እንዳይምታታበት እኔን «እማማ»፣ እሳቸውን «እምዬ» ይለናል።

እትዬ በመጡ በአምስተኛው ቀን እንዲህ አሉ፤ «ከመጣሁ ጀምሮ የምበላው እንጀራ ነው። እንጀራማ ቤቴም አለኝ። የሰው አገር ድረስ መጥቼ የሰው አገር ምግብ ሳልቀምስ ልመለስ ነው ወይ?»

ሁላችንም ሳቅን። እውነታቸውን ነው። የልጄ ቤት ካለበት መንገድ ማዶ፣ ቀድሞ ልብስ ማጠቢያ በነበረ ቤት ውስጥ፣ አዲስ የአሜሪካ ምግብ ቤት መከፈቱን ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሰምቶ ሲነግረን ሰንብቷል። ስለዚህ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አምስታችን ተያይዘን ሄድን።

ወረፋው ላይ የሆነው

አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤት ሲገቡ ክፍት ወንበር አይቶ መቀመጥ ነውር ነው። በር ላይ የቆመች ልጅ ስንት እንደሆናችሁ ትጠይቃለች፤ ሰው ከበዛ ስልክ ቁጥር ትቀበልና ቦታ ሲገኝ መልእክት ትልካለች። እኛ «አርባ ደቂቃ» ተባልን። ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደኛ ልጆቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ህንድ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ቤተሰቦች፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ከልጅ ልጃቸው ጋር ካርታ ይጫወታሉ። አዲስ ምግብ ቤት ሰፈርን ከየቤቱ ያወጣል።

ልጁ «ራበኝ» አለ። እትዬም እንደ ማንኛዋም የኢትዮጵያ አያት ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከአገር ቤት ቋጥረው ያመጡት ቆሎ ነበር፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ለውዝ የተቀላቀለበት። በመዳፋቸው ዘገኑና ወደ ልጁ አፍ አስጠጉ።

ልጁ አፉን አልከፈተም። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ በተሰባበረ አማርኛው «እምዬ፣ ለውዝ አለው?» ሲል ጠየቀ።

«አለው እንጂ! የባቢሌ ለውዝ ነው፤ ላንተ ብዬ ትልልቁን መርጬ ነው ያመጣሁት።»

በዚህ ጊዜ ልጄ ከወንበሯ ዘልላ ተነሣች። የእትዬን እጅ ያዘችና ቆሎውን በናፕኪን ጠቅልላ ወሰደች። የልጁን ፊትና እጅ በእርጥብ ሶፍት ጠረገች። አንድም ፍሬ እንዳልነካው ደጋግማ ጠየቀችው። ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

እትዬ ደነገጡ፤ ቀጥሎም አዘኑ። «ለልጅ ልጄ መርዝ የማበላ መሰልኩሽ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። አማቼ በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ ማንን እንደሚያጽናና ጠፋው።

በኋላ ሳስበው፣ ችግሩ የጀመረው ከቃሉ ነው። እትዬ የመጡ ዕለት «ለውዝ አይስማማውም» ተብለው ነበር። «አይስማማውም» ማለት ለእኛ ምን ማለት ነው? ሽሮ የማይስማማው ሰው ሆዱ ይነፋል። ወተት የማይስማማው ያስቀምጠዋል። በእኛ ቋንቋ «የማይስማማ» ምግብ ትንሽ አስቸግሮ የሚያልፍ ነው፤ አያት ደግሞ «ትንሽ ብቻ፣ ምንም አይልህም» እያለች የምታለማምደው ነው። ይህ ልጅ ግን በሁለት ዓመቱ አንዲት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ቀምሶ ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እያፏጨ በአምቡላንስ ሆስፒታል የገባ ልጅ ነው። ያንን በስልክ ተነግሮን ነበር። በስልክ የተነገረ ነገር ግን ከሩቅ አገር ሲመጣ እየሳሳ ነው የሚደርሰው።

ከምግብ ዝርዝሩ በፊት የመጣው ጥያቄ

ስልኩ ጮኸና ገባን። ጡብ ግድግዳ፣ ሰፋፊ መስኮት፣ ጥግ ላይ ቤዝቦል የሚያሳይ ቴሌቪዥን። ጫጫታው እንደ እኛ አገር የሠርግ ድንኳን ነው። ገና ሳንጠይቅ በረዶ የሞላበት ውሃ በየፊታችን ተደረደረ። እትዬ በረዶውን በማንኪያ እያወጡ «ጥርሴን ሊገድሉብኝ ነው» አሉ፤ ኩርፊያቸው ግን አለቀቃቸውም።

አስተናጋጇ ወጣት ናት። ስሟን ነገረችንና የምግብ ዝርዝሩን ከመስጠቷ በፊት «ከእናንተ መካከል የምግብ አለርጂ ያለበት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ለመመለስ አፌን ሳላንቀሳቅስ ልጁ እጁን አወጣ። ዓይኗን እያየ፣ ሳያፍር፣ ለውዝ እንደማይበላ፣ ከነካው በጣም እንደሚታመም፣ መድኃኒቱ በእናቱ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ነገራት። ቀጥሎም ድንቹና ዶሮው በአንድ ዘይት ይጠበሱ እንደሆነ፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ አልሳቀችበትም። ጻፈችና የቤቱን ኃላፊ ጠርታ መጣች። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ለልጁ ለራሱ መለሰለት። መጥበሻው የአኩሪ አተር ዘይት ነው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ለውዝ የለም፤ ጣፋጭ የሚሠራበት ክፍል ግን የለውዝ ቅቤ ያለው ኬክ ስላለ ከዚያ ምንም ባያዝዝ ይሻላል አለው። ልጁ በጭንቅላቱ «እሺ» አለ።

ቤት ውስጥ አማርኛው ስለሚያጥረው ዝም የሚለው ልጅ ነው ይህ። እዚህ ግን የራሱን ነፍስ ጉዳይ እንደ ሽማግሌ ሲጨርስ አየሁት። ኮራሁ፤ ልቤም ተነካ። የስምንት ዓመት ልጅ እያንዳንዱን ጉርሻ መጠየቅ ያለበት መሆኑ ቀላል ሸክም አይደለም።

አገሩ ለዚህ ሕግ አውጥቷል። የታሸገ ምግብ የሚሸጥ ሁሉ ዋና ዋናዎቹን የአለርጂ መንስኤዎች በማሸጊያው ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። እነሱም ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሸርጣን ያሉ ቅርፊት ያላቸው የባሕር እንስሳት፣ ለውዝ፣ የዛፍ ፍሬዎች፣ ስንዴና አኩሪ አተር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨምሯል። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ማሸጊያ የለም፤ ያለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ሳህኑ ላይ ያለው አሜሪካ

«የአሜሪካ ምግብ» ሲባል ሀምበርገር ብቻ ይመስለን ነበር። ዝርዝሩ ሲነበብልን ግን የአንድ አገር ሳይሆን የብዙ አገር ስደተኛ ታሪክ ሆነብን።

ሀምበርገር ስሙን ያገኘው ሃምቡርግ ከምትባል የጀርመን ከተማ ነው። አማቼ እሱን አዘዘ። አስተናጋጇ ሥጋው ምን ያህል እንዲበስል እንደሚፈልግ ስትጠይቀው፣ ክትፎ የለመደ ሰው ነውና «ትንሽ ቀላ ይበል» ሊል ነበር። እዚህ ላይ ነርስነቴ ተነሣብኝና «በደንብ ይብሰል» አልኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ላይ ጀርም የሚኖረው በአብዛኛው ከላይ ነው፤ እሳት ሲነካው ይሞታል። የተፈጨ ሥጋ ግን ከላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ተደባልቋል። ስለዚህ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በደንብ ካልበሰለ ሀምበርገር በተነሣ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል። አማቼ «እሺ ሲስተር» ብሎ ሳቀና ታዘዘ።

ልጄ የሜሪላንድ መታወቂያ የሆነውን የሸርጣን ጥብስ አዘዘች። በላዩ የሚነሰነሰው ቀላ ያለ ቅመም «ኦልድ ቤይ» ይባላል። ይህን ቅመም ያዘጋጀው ጉስታቭ ብሩን የተባለ፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባ አይሁዳዊ ስደተኛ ነው። ዛሬ የሜሪላንድ ሰው ያለ ኦልድ ቤይ ሸርጣን አይበላም። እትዬ ሸርጣኑን አይተው አማተቡ። «ይኼ ቢርበኝም አይነካኝ» አሉ። በእምነታቸው እንደማይበላ ልጄ ታውቃለችና ሳህኗን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ለልጁ ማካሮኒ በቺዝ መጣለት። እሱም ታሪክ አለው። በአሜሪካ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ጄምስ ሄሚንግስ ነው። የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ባሪያ የነበረ፣ ጌታው ፓሪስ ወስዶ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር ያስተማረው ጥቁር ወጥ ሠሪ ነበር።

ለእትዬ የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦና አረንጓዴ ቅጠል ታዘዘ። ቅጠሉ ሲቀርብ ኩርፊያቸው ተሰበረ።

«ይኼማ ጎመን ነው!»

አዎ፣ ጎመን ነው። «ኮላርድ» ይሉታል። በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው በደቡብ ግዛቶች ለረጅም ሰዓት እየቀቀሉ የጥቁር አሜሪካውያን መለያ ምግብ ያደረጉት ነው። እዚያ ያሉት የእኛ ልጆችም የሐበሻ ጎመን ሲያጡ ወጥ የሚሠሩት በዚሁ ቅጠል ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ብዙ ቦታ የሚቀቀለው ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ስለሆነ፣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ልጄ ጠይቃ ነበር፤ የዚህ ቤት ጎመን የተሠራው በተጨሰ ተርኪ ነው።

ምግቡ እንደ ቀረበ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ጸሎት ጀመሩ። አጭር ጸሎት አያውቁም። አስተናጋጇ የመጨረሻውን ሳህን በእጇ እንደያዘች፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። እትዬ ይህን አስተዋሉ። «ያደገች ልጅ ናት» አሉኝ በጆሮዬ።

«ሲስተር፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ»

ዶሮው ግማሽ ሲደርስ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲስተር፣ እርስዎ የጤና ሰው ነዎት። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ስንት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ለውዝ የሚገድለው ልጅ አይቼ አላውቅም። ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ወይስ እውነት ነው?»

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የብዙዎቻችን ነው። ደግሞም ጥያቄውን የጠየቁት ሰው ዝም ብለው አይደለም። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን በለውዝ ሳድን የኖርኩ ሰው ነኝ። «ፕላምፒ ነት» የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከለውዝ ቅቤ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚን የሚሠራ ነው፤ አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ ይሰጣል። አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን ይህን እየላሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሥቅ ማየት የነርስ ትልቁ ደመወዝ ነው። ያው ለውዝ የራሴን የልጅ ልጅ ሊገድል ይችላል ብሎ ማመን ለእኔም ትምህርት ይጠይቃል።

«እትዬ» አልኳቸው፤ «ፔኒሲሊን ተወግቶ ወዲያው የወደቀ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! በእኛ ሰፈርም አንድ ጎልማሳ ነበር። መርፌው ሳይነቀል ነው ያበቃለት እየተባለ እስካሁን ይወራል።»

«የዚህ ልጅ ለውዝ እንደዚያ መርፌ ነው።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ቀጠልኩ። ሰውነታችን ዘበኛ አለው። ጀርም ሲገባ ይዋጋል። የአንዳንድ ሰው ዘበኛ ግን እንግዳውን ከሌባ መለየት ይሳነዋል። ምንም ያላደረገውን ለውዝ ጠላት ነው ብሎ ይመዘግበዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ለውዝ ሲመጣ ግቢውን ሁሉ ያቃጥላል። ቆዳ ያብጣል፣ ከንፈርና ምላስ ያብጣል፣ የአየር መተላለፊያ ይጠባል፣ ልጁ ያስታውከዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርድና ራሱን ይስታል። በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ዘበኛው የሚቆጣው በብዛቱ አይደለም። በአንዲት ፍሬ ስባሪም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ» የሚባል የለም፤ በቤት ውስጥ ማለማመድም የለም።

በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ፔኒሲሊን ያስቆጣትን አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ከመቀመጫዋ ስትንሸራተት ትንፋሿ እንደ ዋሽንት ያፏጭ ነበር። አድሬናሊን በጭኗ ጡንቻ ወጋናት፤ እግሯን ከፍ አድርገን አስተኛናት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይኗን ገልጣ «ልጄን ማን ያዘው?» አለች። በዚያች ቀን ያዳናት አድሬናሊን ነው። ልጄ በቦርሳዋ የምትይዛት እስክሪብቶ የምትመስል መርፌም ያው አድሬናሊን ናት። ማንም ሰው በልብስ ላይ እንኳ በጭን ውጫዊ ጎን ሊወጋት እንዲችል ተደርጋ የተሠራች ናት። ሁልጊዜም ሁለት ይያዛል፤ አንዷ ካልበቃች ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለተኛዋ ትደገማለች።

እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሡና «እጅ መታጠቢያው የት ነው?» አሉ። አብሬያቸው ሄድኩ። እስከ ክርናቸው ድረስ በሳሙና ታጠቡ፤ ጥፍራቸውን ሳይቀር። ልክ ናቸው። የለውዝን ቅሪት ከእጅ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውሃ ነው፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል አያስለቅቀውም። የቆሎውን ቦርሳ ለአማቼ ሰጥተው ቤት እንዲያደርስ ላኩት።

ተመልሰው ተቀመጡና ከበቆሎ ዳቦው ቆርሰው፣ ጎመን ጠቅልለው ወደ ልጁ ዘረጉ።

«እምዬ፣ ታጠብሽ?» አለ ልጁ።

«በሳሙና» አሉ።

አፉን ከፈተ። ጎረሰ። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ደገሙት። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ።

ሌላው ጉርሻ

የአማቼ ትዕግሥት ሲመሰገን ሂሳቡም መጣ። 120 ዶላር። በላዩ የሜሪላንድ የሽያጭ ግብር ከመቶ 6 ሲጨመር 127 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሆነ። አማቼ ደግሞ 24 ዶላር ጉርሻ ጻፈበት፤ ከመቶ 20 መሆኑ ነው። እትዬ በጣም ደነገጡ። «ለአመጣችበት ብቻ?»

አማቼ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስተናጋጅ ነበርና በደንብ አስረዳቸው። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት ከ2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ጀምሮ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ አልተነሣም። ሜሪላንድ ከዚያ ከፍ ቢያደርገውም ያን ያህል አይደለም። ጉርሻው ተደምሮ መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ካልደረሰ አሠሪው ማሟላት አለበት፤ ኑሮዋ ግን የሚቆመው በጉርሻው ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ከመቀነታቸው አንዲት የአምስት ዶላር ኖት ፈተው አስተናጋጇን በእጇ አስጨበጧት። «ለጸሎቱ የጠበቀችበት» አሉ።

የተረፈው ምግብ በካርቶን ተሞላልን። እዚያ አገር አንድ ሳህን ለሁለት ሰው ይበቃል፤ የተረፈውን ይዞ መሄድም ነውር የለውም። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ወገን ገና ከመጀመሪያው ግማሹን ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ግማሹን ቢበላ ይጠቀማል። ጨዋማ ነው ምግባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ልጆቹ ወደ እኛ ሲመጡ

በዚህ ዓመትም ብዙ የልጅ ልጆች ለእረፍት ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። በአሜሪካ ከመቶ ልጆች ሁለት ያህሉ የለውዝ አለርጂ አለባቸው። ከሚመጡት መካከል አንዱ የእናንተ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት ጠይቁ። «የማይስማማው ነገር አለ?» ሳይሆን «የሚገድለው ምግብ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከባድ ቃል ነው፤ ግን ቀጥተኛ መልስ ያመጣል። መልሱ ለውዝ ከሆነ በቤታችን ውስጥ የት የት እንዳለ አስቡ። ቆሎ ውስጥ አለ። በጾም የምንቀባው የለውዝ ቅቤ አለ። የለውዝ ሻይ አለ። የጾም ኬክና ብስኩት ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንዱ ለውዝ ሌላው ኦቾሎኒ ስለሚለው፣ ለሠራተኛውም ለጎረቤቱም በሁለቱም ስም ንገሩ። ቡና ጠጪ ጎረቤት ቆሎ ይዛ ስትመጣ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሳትዘረጋው በፊት በር ላይ አስረዷት። ልጁን የሚስሙ፣ የሚያጎርሱ ሁሉ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ወላጆቹ ሁለቱን የአድሬናሊን መርፌ ይዘው እንዲመጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚወጋም እናንተ ራሳችሁ ተማሩ። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካፏጨ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ከዛለ ወዲያው በጭኑ ይወጋ። ለማሳከክ የሚሰጥ ክኒን አድሬናሊንን አይተካም። ትንፋሽ ካስቸገረው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከዛለ ደግሞ አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ። ከዚያ ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ይህን በመስማት ለውዝን እንዳትፈሩት። እንግሊዝ ውስጥ የሚያድጉ የአይሁድ ልጆች እስራኤል ከሚያድጉት በአሥር እጥፍ የሚበልጥ የለውዝ አለርጂ እንዳላቸው ተመራማሪዎች አስተዋሉ። በእስራኤል ሕፃናት «ባምባ» የሚባል የለውዝ ብስኩት ገና ጥርስ ሳያበቅሉ ይቀምሳሉ። ከዚህ ተነሥቶ ለአለርጂ በተጋለጡ 640 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ ከመጀመሪያ ዓመታቸው ጀምሮ ለውዝ የቀመሱት ልጆች አለርጂው በጣም ቀነሰላቸው። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ሕፃን ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሙሉ ፍሬውንም ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያንቃል።

ይህ ሁሉ አለርጂው ላልጀመረው ሕፃን ነው። አለርጂው ለጀመረው ልጅ ግን የእኛ ፍቅር መልኩን ይቀይራል። እኛ ያደግነው አያት ሳትጠይቅ በምታጎርስበት፣ ልጅም ሳይጠይቅ በሚጎርስበት ቤት ነው። የእነዚህ ልጆች እጅ ግን ከመጉረሳቸው በፊት ትወጣለች። «ለውዝ አለው?» ብለው ሲጠይቁ ንቀት እንዳይመስለን። መልሱን በትክክል የምትነግራቸውን አያት አምነው ይጎርሳሉ፤ ሳሙናና ውሃ ደግሞ በየቤታችን አለ።